«ሙሉ ስብስብ፣ ሁሉም ኦሪጅናል» የሚለውን ማስታወቂያ ከማመናችሁ በፊት

«ያልተገጣጠመ፣ ያልተነካ፣ ምንም የማይጎድለው፣ ሁሉም ኦሪጅናል።» ይህን አምኜ ገንዘቤን ከፈልኩ። የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣችውን፣ በሬዲዮ የምትነዳውን የጃፓኑን የሞዴል መኪና አምራች የታሚያን ፍሮግ መኪና ከመጀመሪያው ብሎን ጀምሮ በራሴ እጅ ለመገጣጠም የሚያስችል የመለዋወጫ ስብስብ ነበር። የደረሰኝ ግን ከየቦታው የተለቃቀመ ክምር ነው። ከፊሉ ያገለገለ፣ ከፊሉ ከሃያ ዓመት በኋላ የተመረተ፣ ከፊሉም ጭራሽ ፋብሪካው ያልሠራው ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ እርስ በርሱ አይገጥምም። የሻጩን ስም አልጽፍም። ስሙን ዛሬ ብነግራችሁ ነገ በሌላ ስም ይመጣል፤ ዘዴውን ካወቃችሁት ግን በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

ታሚያ በሬዲዮ የሚነዱ መኪኖችን መሥራት የጀመረው በ1976 በፖርሼ 934 ሞዴል ነው። ፍሮግ የወጣችው ከዚያ ሰባት ዓመት ቆይታ ነው። ሻንሲዋ ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን ይያያዛል፤ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ካሮሴሪዋ ፖሊካርቦኔት የተባለ ስስ ፕላስቲክ ነው። እንዲህ ያለችውን መኪና በዘመኑ መለዋወጫ ብቻ ልገጣጥም ብሎ የተነሳ ሰው ፍለጋው ዓመታት እንደሚፈጅ ያውቃል። ዛሬ የካምቢዮ ማርሽ ይገኛል፣ ከስድስት ወር በኋላ አንድ አሞርዛተር፣ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። እኔም አራት ዓመት ሙሉ ስለቅም ቆይቼ ከግማሽ በታች ነበር የደረስኩት። ስለዚህ «ሙሉ ስብስብ» የሚል ቃል ሳይ ልቤ ቀድሞኝ ሄደ። ሻጩ የሚያጠምደው ይህን ድካም ነው። ጀማሪ ብዙ ይጠይቃል፤ ለዓመታት የፈለገ ሰው ግን እንዳያመልጠው ይቸኩላል።

አሁን ወደ ቃሉ ልምጣ፤ ማታለያው ያለው እዚያ ነው። ታሚያ ከ2000 ወዲህ የድሮ መኪኖቹን መልሶ ማምረት ጀምሯል። ሆርኔት በ2004፣ ፍሮግና ግራስሆፐር በ2005፣ ሳንድ ስኮርቸር በ2010 ዳግም ወጥተዋል። እነዚህ የኩባንያው የራሱ ምርቶች ናቸው፤ ጥራታቸውም የሚታማ አይደለም። መኪናዋን ማሽከርከር ብቻ የሚፈልግ ሰው ዳግም ምርቱን ቢገዛ እኔ ራሴ እመርቀዋለሁ። ችግሩ ሻጩ «ኦሪጅናል» ሲል የ2005ቱንም እንደሚያካትት አለመናገሩ ነው። ኩባንያው ስለሠራው ኦሪጅናል ይለዋል፤ ገዢው ደግሞ የ1983 ነው ብሎ ይሰማል፤ ዋጋውም የሚጠራው በገዢው ጆሮ ነው። እኔ የከፈልኩት ያልተከፈተ ዳግም ምርት ከሚያወጣው ሦስት እጥፍ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎቻችንን ያሳስታል። ፕላስቲኩ ላይ «1983» የሚል ጽሑፍ ታትሞ ታያላችሁ። ሻጩም ይህንኑ አቅርቦ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። ያ ቁጥር ክፍሉ የተመረተበትን ዓመት አይናገርም። የሚናገረው ፕላስቲኩ የሚቀረጽበት የቅርጽ ማውጫ የተሠራበትን ዓመት ነው። ያው ቅርጽ ማውጫ ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ሥራ ላይ ሲውል ያንኑ ቁጥር ያትማል። በዚህ ቁጥር ብቻ ተማምኖ ገንዘብ መክፈል ማለት በሩ ላይ በተጻፈው ዓመት የቤት ዕቃው ዕድሜ ይታወቃል እንደ ማለት ነው።

ዕቃው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያነሳሁት የማርሾቹን ከረጢት ነበር። የዚያ ዘመን መለዋወጫዎች በግልጽ የፕላስቲክ ከረጢት ተደርገው አፋቸው ላይ የታጠፈ ካርድ ይደረግና በስቴፕለር ይያዛሉ። ካርዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሬ ስመለከት ሽቦው ከተወጋበት ጎን ሌላ ጥንድ ቀዳዳ አየሁ። በአሮጌው ቀዳዳ ዙሪያ ደብዘዝ ያለ የዝገት ቀለበት አለ። አሁን የተወጋው ሽቦ ግን ዝገት የሚባል አልነካውም፤ ያብረቀርቃል። አርባ ዓመት በካርዱ ላይ የቆየ ሽቦ እንዲህ ሊያበራ አይችልም። ከረጢቱ ተከፍቶ፣ ውስጡ ተቀይሮ፣ እንደገና ተዘግቷል። ከአሥራ አንዱ ከረጢቶች ሰባቱ እንዲሁ ነበሩ። ካርዱ እውነተኛ ነው፤ ከረጢቱም እውነተኛ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ሻንሲው ሄድኩ። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙ። በእነዚህ መኪኖች ብሎኑ በቀጥታ ወደ ፕላስቲኩ ነው የሚገባው፤ ሲገባ የራሱን ጥርስ እየቆረጠ ይሄዳል። ስለዚህ ብሎን ገብቶበት የማያውቅ ቀዳዳ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ የገባበት ቀዳዳ ግን ጠመዝማዛ መስመር ይቀርበታል። ሳሙና፣ ቀለም፣ ሙቅ ውኃ፣ ምንም ነገር ያንን መስመር አያጠፋውም። ትንሽ የእጅ ባትሪና ማጉያ መነጽር ይዤ የሻንሲውን ሁለት ግማሾች አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ቀዳዳ ተቆርጧል። ሁለቱማ ከመላላታቸው የተነሳ ብሎኑ በጣት ይገባል። ይህ ሻንሲ ተገጣጥሟል፣ ተነድቷል፣ ተፈታትቶ ታጥቧል፤ ከዚያ «ያልተነካ» ተብሎ ተሸጠልኝ።

ጥቁሮቹ የናይለን ክፍሎች ጥቁረታቸው አንድ ዓይነት መሆኑ አጠራጠረኝ። በአልኮል ያራስኩት ጥጥ ሳሽበት ጥጡ ጠቆረ፤ ከሥሩ የተጫረና የነጣ ፕላስቲክ ወጣ። ናይለን ማቅለሚያ በገባበት ሙቅ ውኃ ሲዘፈዘፍ ቀለሙን እንደሚጠጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለራሱ መኪና እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምንም አላጠፋም፤ ያገለገለውን ቀልሞ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጥ ግን ሌባ ነው።

ልቤን የሰበረው ካምቢዮው ነው። የ1983ቷን ፍሮግ የሚያውቁ ሁሉ ድካሟን ያውቃሉ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎች ጫፋቸው ባለ ስድስት ጎን ነው፤ ያም ባለ ስድስት ጎን በሆነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀመጣል። እየተነዳ ሲሄድ ማዕዘኖቹ ይበላሉ፣ ይከባሉ፤ በመጨረሻ ሞተሩ እየጮኸ ጎማው አይዞርም። በዳግም ምርቱ ላይ ይህ ተቀይሯል፤ በዘንጉ ጫፍ ላይ አግድም ፒን ገብቶ ፒኑ በተሰነጠቀ ኩባያ ውስጥ ያርፋል። ሁለቱ አሠራሮች አይጋቡም። ለእኔ የተላከልኝ ካምቢዮ ባለ ኩባያው ነው፤ ከጎኑ የተቀመጡት ዘንጎች ደግሞ ባለ ስድስት ጎኖቹ። ዘንጉን ወደ ኩባያው ሰደድኩት፤ ገባ፤ በጣቴ ሳዞረው ምንም ሳይነካ በባዶ ዞረ። በእጄ ይዤው ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ዘንጎቹ እውነተኛ የዘመኑ ናቸው፤ ማዕዘናቸውም ገና አልተበላም። ሻጩ ያንን ጥንድ ዘንግ በፎቶ ከፊት አስቀምጦ ካምቢዮውን ተዘግቶ ከጎን ነበር ያነሳው። ባለማወቅ ነው እንዳልል፣ ምን ከፊት እንደሚቀመጥና ምን እንደሚደበቅ ጠንቅቆ ያውቃል።

የቀረውን በአጭሩ ልበል። ጎማዎቹ የዘመኑ ናቸው፣ ነገር ግን ደርቀው በጥርሶቹ ሥር ተሰነጣጥቀዋል፤ ለዕይታ እንጂ ለመንዳት አይሆኑም። ካሮሴሪው ቅጂ ነው፤ ጠርዞቹ ደብዝዘዋል፣ ፖሊካርቦኔቱም ከመጠን በላይ ስስ ከመሆኑ የተነሳ በሁለት ጣት ይታጠፋል። ተለጣፊ ምልክቶቹ በዘመናዊ ማተሚያ የወጡ ናቸው። ቅጂ ካሮሴሪ መሥራት በራሱ ነውር አይደለም፤ ቅጂ ነው ብለው በግልጽ የሚሸጡ ሰዎች ለብዙዎቻችን ባለውለታ ናቸው።

ለሻጩ በትሕትና ጻፍኩለት። «ወንድሜ፣ ምናልባት ሳያውቁት ሊሆን ይችላልና ፎቶዎቹን ይመልከቱልኝ» አልኩት። መጀመሪያ «ሁሉም የኩባንያው ምርት ነው፤ ኦሪጅናል ማለት ይኸው ነው» ብሎ መለሰልኝ። የብሎን ቀዳዳዎቹን ሳነሳበት «ፋብሪካው ለሙከራ ገጣጥሞት ይሆናል» አለ። ፋብሪካ በከረጢት የሚሸጠውን መለዋወጫ ለሙከራ አይገጣጥምም። ስለ ካምቢዮው ስጠይቀው ግን መልስ መስጠት አቆመ። የክፍያ ድርጅቱ ደግሞ ሊረዳኝ አልቻለም፤ ምክንያቱም ሻጩ ኮሚሽን እንዳይቆረጥ ብሎ ገንዘቡን ለወዳጅ እንደሚላክ አድርጌ እንድልክ ጠይቆኝ እሺ ብዬ ነበር። በዚያ መንገድ የተላከ ገንዘብ ለገዢ የሚሰጠው ጥበቃ አይመለከተውም። እባካችሁ ይህንን ጥያቄ ያቀረበላችሁን ሻጭ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተዉት። ቅናሽ ቢጨምርም፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀ ነው ቢልም ተዉት።

እንዲህ ያለ ስብስብ ካገኛችሁ ከመክፈላችሁ በፊት የካርዶቹን ጀርባ በብርሃን ፊት ተነስቶ እንዲላክላችሁ ጠይቁ። የሻንሲውን ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ውስጥ የሚያሳይ ፎቶም ጠይቁ፤ ብርሃኑ ቀዳዳው ውስጥ መግባት አለበት። ፍሮግ ከሆነች ዘንጉ ካምቢዮው ውስጥ ገብቶ በጣት ሲዞር የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ይበቃችኋል፤ ይህን ለመቅረጽ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የማርሾቹን ጥርስ በቅርብ እዩ፤ የሠራ ጥርስ በሚነካካበት ፊቱ ላይ ያብለጨልጫል። «ሙሉ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ በመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው የክፍሎች ዝርዝር ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። እኔ ይህን ያደረግኩት ዘግይቼ ነው፤ አሥራ አራት ነገር ጎድሏል፤ ከእነዚህም መካከል የፊት ሁለቱ ሞላዎች ይገኛሉ። እውነተኛ ሻጭ እነዚህን ጥያቄዎች አይጠላም። ከዚያ በኋላ ከአንድ አዛውንት ሰብሳቢ ሁለት የካምቢዮ ክፍሎች ገዝቻለሁ፤ ሳልጠይቃቸው ቀዳዳዎቹን በማጉያ አንስተው ላኩልኝ፤ አንደኛው ላይ ያለችውን የፀጉር ያህል ስንጥቅ በቀስት አመልክተው ዋጋውን ቀነሱልኝ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ሰውየው አሁንም እየሸጠ ነው፤ ለእኔ የላከልኝን ፎቶ ሳይቀይር መልሶ አውጥቶታል። በፎቶው በግራ በኩል የማርሾቹ ከረጢት አለ፤ ካርዱ የቀኝ ማዕዘኑ ተሰብሮ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ከላዩም በእርሳስ የተጻፈ የ«3» ቁጥር አለበት። ያ ከረጢት እሱ ዘንድ የለም። ይህን ስጽፍ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።