ሰኞ ገበያ ጃንጥላ ስር ለሚቀመጠው ልጅ

ደሴ ሰኞ ገበያ የምትነግዱ እህት ወንድሞቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የቴሌብር ወኪል ነው። ጃንጥላ ስር የሚቀመጠውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ትቼዋለሁ።

እኔ በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጠው። ዛላ የሚረክሰው አዝመራው እንደገባ ነው። ያኔ ብር ያለው ይገዛል፣ የሌለው ቆይቶ በውድ ይሸምታል። እኔ ሁሌ በውድ ነበር የምሸምተው። አንድ ቦታ ብድር ልጠይቅ ብሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ የቤት ካርታ ነው። የምኖረው በኪራይ ነው። ዝም ብዬ ወጣሁ።

ይህን ስነግረው ልጁ «አብሽሩ እትዬ» አለኝ። ከዚያ ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር ብር መላኪያና መክፈያ ነበር። በ2014 ክረምት ግን ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ተጣመረና «መላ» የሚባለው ብድር መጣ። ቴሌ ስልኩና ደንበኛው አለው፣ ባንኩ ደግሞ የሚያበድረው ገንዘብ። ካርታ የሚጠይቅ የለም። የሚታየው በቴሌብር ያደረጋችሁት እንቅስቃሴ ነው። ሁለቱ ባይገናኙ እኔን ማን ያየኝ ነበር?

ደንበኞቼን በቴሌብር ማስከፈል ጀመርኩ። መጀመሪያ የተፈቀደልኝ ትንሽ ነበር። በጊዜው መለስኩ፣ ቀጥሎ ከፍ አለልኝ። ዘንድሮ ዛላውን በወቅቱ ገዛሁ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነው!

የልጁ አሠራር ደግሞ ልብ ይነካል። ስልኬን ተቀብሎ አይነካካም፣ እኔው እንድጫን ያደርገኛል። ሚስጥር ቁጥሬን ስጽፍ ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። አንዱን ነገር አራቴ ስጠይቀው ፊቱ አይጠቁርም። ኢንተርኔት ሲጠፋ እንድጠቀምበት *127# ብሎ ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎልኛል። እስካሁን ከሚዛኔ በላይ ተሰቅሏል።

አንድ ቀን ገዢ «ልኬያለሁ» ብሎ የስልኩን መልዕክት አሳይቶኝ ሁለት ኪሎ በርበሬ ይዞ ሄደ። ብሩ አልገባም። እያለቀስኩ ልጁ ጋ ሄድኩ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ የገዢውን ስልክ አይዩ። የራስዎን ቀሪ ሂሳብ ይዩ። ካልገባ በርበሬው አይውጣ» አለኝ። ይቺን ምክር ለጎረቤቶቼ በሙሉ አዳርሻለሁ።

ብድሩ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ቀኑንም ማክበር ግድ ነው። ይህንንም አልደበቀኝም። «ለድግስ እንዳይበደሩ፣ ለሚሸጥ ዕቃ ብቻ» ነው ያለኝ።

ሰኞ ገበያው ስለሚደምቅ ወረፋ አለ፣ ማክሰኞ ብትሄዱ በደንብ ያስረዳችኋል። የበርበሬዋ ሴትዮ ልካን ነው በሉት። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ ልጄ።