ፒዲኤፍ አልከፈት ላላችሁ፦ ብር ከመላካችሁ በፊት

ጀመዓ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ከዚራም ሳቢያንም ቢሮ ይዛችሁ ቀኑን ሙሉ የጉምሩክ ዲክላራሲዮንና ኢንቮይስ የምታገላብጡ ትራንዚተሮች በተለይ ልብ በሉ። «ፒዲኤፍ አልከፈት አለኝ» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ስትጠይቁ ኢንቦክስ ገብቶ «ላይሰንሱ አልቆ ነው፣ በቴሌብር ላክና ላድስልህ» የሚል አይጠፋም። ውሸት ነው። ፒዲኤፍ የምታነቡበት አዶቢ አክሮባት ሪደር ነፃ ነው፤ የሚያልቅ ላይሰንስ የለውም። የሚከፈልበት አክሮባት ፕሮ ነው፣ እሱም ፋይል ለማረም እንጂ ለማንበብ አያስፈልግም።

ብሩስ ይቅር። ኤኒዴስክ የሚባለውን፣ ኮምፒውተር ከሩቅ የሚያዝዘውን ፕሮግራም አስጭኖ ቁጥሩን ተቀብሎ «አክሴፕት በል» ሲል ግን ማውሱም ኪቦርዱም በእጁ ገባ ማለት ነው፤ ብራውዘሩ ላይ ሴቭ ያደረጋችሁት ፓስወርድ ጭምር። ክራክ (ላይሰንሱ የተሰበረ ሕገወጥ ፕሮግራም) ልኮ «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ካለማ ምኑ ይጠየቃል!

ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው። መጀመሪያ ፋይሉን በክሮም ወይም በኤጅ ክፈቱት። እዚያ ከተከፈተ የታመመው ሪደሩ ነው፤ ሄልፕ ውስጥ ሪፔር ኢንስታሌሽን የሚለውን ተጫኑ፣ እምቢ ካለ አጥፍታችሁ ከራሱ ከአዶቢ ድረ ገጽ አውርዱት። የትም ካልተከፈተ ዳውንሎዱ መሃል ላይ ተቋርጦ ይሆናል፤ መጠኑን ላኪው ጋ ካለው አስተያዩ። 0 ኪሎባይት የሚል ፋይል ውስጡ ምንም የለም፣ ማንም አይጠግነውም። «ፕሊስ ዌይት» ብሎ የሚቀር ቅጽ ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ አብዛኛው ብራውዘር አይችለውም፣ አውርዳችሁ በሪደር ክፈቱት።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከመጣ ሪደሩን አትውቀሱ። ላኪው ፎንቱን ፋይሉ ውስጥ አላካተተውም። ወርድ ላይ ሴቭ አዝ ብሎ ፒዲኤፍ ሲመርጥ፣ ኦፕሽንስ ውስጥ «ፒዲኤፍ ኤ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ ደግሞ ይላክላችሁ። በላኪው ስህተት እናንተ የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ኮፒ ሲደረግ የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ የሚሆነውም ፊደሉ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል አሰያየም) ስላልሆነ ነው፤ ምንም ዓይነት ፒዲኤፍ ማንበቢያ ብትጭኑ ያው ነው።

ኤኒዴስኩን አስቀድማችሁ ከፈቀዳችሁ አሁኑኑ ዋይፋዩን አጥፉና ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ አስወግዱት። ፓስወርዶቻችሁን በዚያው ኮምፒውተር ሳይሆን በስልክ ቀይሩ። ባንካችሁ ጋ ደውላችሁ ሂሳባችሁን አሳግዱ፤ የንግድ ባንክ 951 ነው።