ትንሿ ስካነር ከስምንት ወር በኋላ፦ ምነው ቀድሜ በገዛኋት!

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ አዳላለሁ። ይህቺ የመኪናን ብልሽት የምታነብ ስካነር የክብሪት ቀፎ ታክላለች። መሪው ሥር ካለው ባለ16 ፒን ሶኬት ትሰካለች፣ በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ትገናኛለች፣ አለቀ። የገዛኋት ከአንድ ታንክ ቤንዚን ባነሰ ዋጋ ነው። ከእሷ በፊት ግን ሁለት ኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ የተረፈውን ኦክስጅን ለሞተሩ ኮምፒውተር የሚነግር) ገዝቻለሁ። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ላይ ነው። የደብረ ማርቆስን የጥቅምት ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ "በጥቅምት አንድ አጥንት" የተባለው በከንቱ አይደለም። መኪናዬ የ2004 ሥሪት ኮሮላ ናት፣ 1.8። ጠዋት ሳስነሳት ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የምትዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አልይዝ አለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ልትጠፋ ትልና ትመለሳለች። ስትሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረባት ቀጥ ትላለች። ብዙም ሳይቆይ የሞተር መብራት በራ።

ጋራዥ ወሰድኳት። ኮምፒውተር አደረጉላት፣ ፒ0171 አለ። ድብልቁ ቀጥኗል ማለት ነው፤ አየሩ በዝቶ ቤንዚኑ አንሷል። መካኒኩ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት "ኦክስጅን ሴንሰር ነው" አለኝ። ቀየርን። የፋብሪካውን ሴንሰር እዚያው ቁርጥራጭ ብረት ላይ ወረወሩት። ሳምንት ሳይሞላ መብራቱ ተመለሰ። መለዋወጫ ሻጩ ጋ ሄድኩ። "ወንድሜ፣ ያ ኮፒ ነው፤ ኦሪጅናሉ ይኸውልህ" ብሎ ሁለተኛ ሸጠልኝ። ሲጨምርልኝ ደግሞ፣ "ማርቆስ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ መኪና ይቸገራል" አለኝ።

ያኔ ዝም ብዬ ወጣሁ። አሁን ግን ልመልስልህ ወንድሜ። አየር ሲሳሳ የሚያንሰው ኦክስጅኑ ነው። የድሮዎቹ ባለካርቡሬተር መኪኖች ደጋ ሲወጡ ቤንዚን ይበዛባቸው ነበር እንጂ አያንሳቸውም፤ ጥቁር ጭሳቸውን ረሳኸው? የእኔዋ ደግሞ የሚገባውን አየር በክብደቱ የሚለካ ሴንሰር አላት። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች። ለነገሩ ጥፋቱ የከፍታ ቢሆን ከሰዓትም በተንቀጠቀጠች ነበር። ማርቆስ ከሰዓት ዝቅ አትልም!

ሁለተኛውን ሴንሰር ሳላስገጥም ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄድኩ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ዓባይ በረሃ ውስጥ ጎማ ተነፈሰብኝና ሦስት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ስነሳ በአንድ ቁልፍ ተነሳች፣ ንቅንቅ የለም። ብርድ ላይ ታማ ቆላ ላይ የምትድን መኪና! ስካነሯን የገዛሁት በዚያው ጉዞ፣ ስልክ ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም ሳልጠብቅ።

በማግስቱ ማርቆስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ሰካኋት። ኮዱ ያው ነው። ሁሉም እዚህ ጋ ነው የሚያቆመው። እኔ ግን "ፊውል ትሪም" የሚለውን ገጽ ከፈትኩ። የሞተሩ ኮምፒውተር ከልማዱ በላይ ምን ያህል ቤንዚን እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል፤ አንዱ የአጭር ጊዜ፣ አንዱ የረጅም ጊዜ። ደህና ሞተር ዜሮ አካባቢ ነው የሚውለው። የእኔዋ በሚኒሞ 13 እና 16፣ ድምሩ 29 ሲደመር! ነዳጅ ረግጬ የሞተሩን ዙር በደቂቃ 2,500 አደረስኩት። ድምሩ ወደ 7 ወረደ።

ነገሩ እዚህ ጋ ገባኝ። ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ቢደክም ኖሮ ስረግጥ ይብስበት ነበር። ስረግጥ ከተሻለው አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሞተሩ ትንሽ ሲተነፍስ ቀዳዳው ብዙ ነው፤ ብዙ ሲተነፍስ ቀዳዳው ኢምንት ይሆናል።

የጎረቤት ልጅ ካርብ ክሊነር (የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ) ይዞ መጣ። (በጥንቃቄ፤ እሳት ነው፣ የጋለ ነገር ላይ አይረጭም።) ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ከሞተሩ የሚጋጠምበት ጋ ጥቂት ረጨ። እኔ ስልኩ ላይ አፍጥጫለሁ። 13 የነበረው የአጭር ጊዜው ከዜሮ በታች 9 ገባ፤ የተረጨው በቀዳዳው ገብቶ እንደ ቤንዚን ተቃጠለ ማለት ነው። 0.1 ቮልት (አየር በዝቷል ማለት ነው) ላይ ተኝቶ የነበረው ኦክስጅን ሴንሰር ዘሎ 0.8 (ቤንዚን በዝቷል) ደረሰ።

"ጋሼ፣ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ!" አለ ልጁ።

ሴንሰሩ አልሞተም። የተወረወረው የፋብሪካውም አልሞተም ነበር። አየር እየገባ ነው ብሎ ሲጮህ ነው የከረመው። ሌባ ገብቶ ውሻው ቢጮህ ውሻውን አባረርኩ፣ ሌላ ውሻ ገዛሁ፣ እሱም ጮኸ።

ጥፋቱ የማኒፎልዱ ጋስኬት (መጋጠሚያውን የሚደፍነው ጎማ) ነው። ጎማው አርጅቶ ይደርቃል፣ ብርድ ላይ ይኮማተራል፣ ሲሞቅ ተመልሶ ይገጥማል። የዚህ ሞተር የታወቀ በሽታ ነው። ዋጋው ከአንዱ ሴንሰር ጋር አይወዳደርም፤ በግማሽ ቀን ተቀየረ።

የስካነሯ ጉድለት? አለ። አንዳንዴ ግንኙነቱ መሀል ላይ ይቋረጣል። ሶኬቱ ቁልፍ ቢጠፋም ከባትሪ ይመገባል፤ ሰክቼ ረስቻት ቢቸና ለቅሶ ደርሼ በሳምንቴ ስመለስ ባትሪው ሞቶ ጠበቀኝ። በመግፋት አስነሳናት፤ ሰፈሩም ሳቀብኝ። ይቅር ብያታለሁ።

ዛሬ ጠዋት የሐምሌ ዝናብ እየወረደ አየኋት፤ ድምሩ 3። ሁለተኛው ሴንሰር ከነካርቶኑ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። ባለሱቁ "የተሸጠ ዕቃ አልመልስም" ብሎኛል። ለ1.8 ኮሮላ የሚፈልግ ካለ ዋጋ አናጣላም።