የጓሮ ግሪንሃውስን በሙቀት ወራት ማናፈስ፦ የጎን መጋረጃ፣ የጣሪያ መስኮት ወይስ ፋን?

ቢሾፍቱ ላይ በመጋቢት አጋማሽ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ የውጪው አየር 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በነበረበት ቀን፣ በሩና ጎኑ ተዘግቶ በዋለ የጓሮ ግሪንሃውስ ውስጥ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር 43 ዲግሪ ሲያሳይ አየሁ። ቲማቲሙ ጠወለገ እንጂ አልደረቀም፤ ማታ ውሃ ሲያገኝ ቀና ስላለም ጉዳት የደረሰበት አልመሰለኝም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በዚያ ሰሞን ያበቡት አበቦች አጫጭር ዘንጎቻቸው ላይ ካለችው ትንሽ አንጓ ጀምረው ቢጫ እየሆኑ፣ ቅርንጫፉ በእጅ ሲነካ ገና እየረገፉ መሬቱን ሞሉት። የቲማቲም የአበባ ዱቄት ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ሲቆይ ፍሬ የማስያዝ አቅሙ ይዳከማል፤ ቀድሞ የተያዘው ፍሬም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከዘለቀ ቀይ ቀለሙን በሚገባ ስለማይሠራ ትከሻው ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ቃሪያም በሙቀት አበባውን ይጥላል።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት እንደ ቢሾፍቱ፣ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ጓሯቸው ውስጥ ግሪንሃውስ ላቆሙ ወይም ለማቆም ላሰቡ ሰዎች ዋናው ጥያቄ የሞቀውን አየር በምን እናውጣ የሚለው ነው። ፕላስቲኩ የፀሐዩን ብርሃን ያስገባል፤ አፈሩና ቅጠሉ ብርሃኑን ተቀብለው ይሞቃሉ፤ በእነሱ የሞቀው አየር ደግሞ መውጫ ካላገኘ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ትንሽ ቤት የሚይዘው አየር ከሽፋኑ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ስለሆነ ከትልቁ ቤት ይልቅ በፍጥነት ይግላል። ለማነጻጸር እንዲያመች 3 ሜትር ስፋት፣ 6 ሜትር ርዝመትና ጫፉ ላይ 2.6 ሜትር ከፍታ ያለውን፣ ማለትም 18 ካሬ ሜትር መሬት ሸፍኖ ወደ 40 ሜትር ኩብ አየር የሚይዘውን ቤት መነሻ አድርጌያለሁ።

መብራት የማይፈልጉት፦ የጎን መጋረጃና የጣሪያ መስኮት

የጎን መጋረጃ የሚባለው የግድግዳው ፕላስቲክ በረጅም ቱቦ ላይ እየተጠቀለለ ወደ ላይ የሚነሳበት አሠራር ነው። ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው፤ በክፍተት ስፋትም የሚወዳደረው የለም። በሁለቱም ጎን 6 ሜትር ርዝመት ያለው መጋረጃ አንድ አንድ ሜትር ቢነሳ 12 ካሬ ሜትር ክፍተት ይገኛል፤ ይህም የወለሉን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። የብረት ቱቦ በ6 ሜትር ቁመት ስለሚሸጥም ለዚህ ቤት አንድ ቱቦ ለአንድ ጎን ያለ ቅጥያ ይበቃል፤ ማዞሪያ እጀታውን የሰፈር ብየዳ ቤት ሊሠራው ይችላል። የታችኛው 40 ወይም 50 ሳንቲሜትር ሳይነሳ ቋሚ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ያስፈልጋል፤ ችግኙን በቀጥታ ከሚመታው ነፋስ ይከላከላል፣ ዶሮም አያስገባም። መጋረጃው በነፋስ እየተርገበገበ እንዳይቀደድ ከውጪ በኩል ገመድ በዚግዛግ መወጠር ግዴታ ነው፤ ይህን የዘለለ ሰው ፕላስቲኩን በዓመቱ ሲቀይር አይቻለሁ።

የጣሪያ መስኮት ደግሞ የሚሠራው በሌላ ምክንያት ነው። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ መውጫ፣ ከታች መግቢያ ካገኘ ነፋስ ባይኖር እንኳ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት በጨመረ ቁጥርም እንቅስቃሴው ይፈጥናል። የተለመደው መመሪያ የጣሪያው ክፍተት ከወለሉ ስፋት ከ15 እስከ 20 በመቶ እንዲሆን ነው፤ ለያዝነው ቤት ይህ ከ2.7 እስከ 3.6 ካሬ ሜትር ይሆናል። ተዘጋጅተው በሚሸጡ ትናንሽ ቤቶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን አንድ ወይም ሁለት ጠባብ መስኮት ነው። 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆኑ ሁለት መስኮቶች ቢደመሩ 1.08 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የወለሉን 6 በመቶ ብቻ ይሰጣሉ። ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ሜትር አውጥቶ ይህን ሊለካ ይገባል፤ ሻጩ «መስኮት አለው» ማለቱ ብቻ በቂ አይደለም።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢሉኝ የጎኑን እመርጣለሁ፤ ክፍተቱ ሰፊ ነውና ትንሽ ነፋስ ካለ ቤቱን ጠርጎ ይወስደዋል። ነገር ግን ነፋስ በቆመበት ቀትር ከመጋረጃው በላይ፣ ጣሪያው ሥር የሚጠራቀመውን የጋለ አየር የጎን መጋረጃ ብቻውን አያወጣውም፤ ወደ ላይ የተመራ የቲማቲም ጫፍ ደግሞ የሚገኘው እዚያው ነው። በቢሾፍቱና በዝዋይ ባሉ ብዙ የአበባ እርሻዎች ላይ የጣሪያው አንዱ ክንፍ ከሌላው ከፍ ብሎ፣ ዝናብ ሳያስገባ አየር የሚያስወጣ ክፍተት በጣሪያው ጫፍ ርዝመት ሁሉ ተትቶ ይታያል። ያንኑ አሠራር በጓሮ ቤት ላይ ከመጀመሪያው ማሠራት ኋላ መስኮት ከመቅደድ በእጅጉ ይቀላል፤ በእኔ ግምት ከዚህ የተሻለ ገንዘብ የሚውልበት ነገር የለም። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ደጋ ግን ክፍተቱ የሚዘጋ ቢሆን ይመረጣል።

የሁለቱም የጋራ ጉድለት ሰው መፈለጋቸው ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከረፋዱ 3 ሰዓት በፊት የሚከፍት፣ አመሻሽ ላይ የሚዘጋ እጅ ያስፈልጋል። ቤት ውስጥ ሰው የሚውል ከሆነ ይህ ጉድለት አይደለም።

በሰም የሚሠራው መስኮት ከፋች

ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰው የተሠራ የሚመስለው መሣሪያ ይህ ነው። በትንሽ ሲሊንደር ውስጥ ያለ ሰም ሲሞቅ ተስፋፍቶ ዘንጉን ይገፋል፣ ዘንጉ የጣሪያውን መስኮት ያነሳል፤ ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይሰበሰባል፣ መስኮቱም በሞላ ወይም በራሱ ክብደት ይዘጋል። መብራት አይፈልግም፣ ሽቦ የለውም። መክፈት የሚጀምርበት ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው መካከል በእጅ በማዞር ይስተካከላል።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይዩ። የመጀመሪያው የማንሳት አቅሙ ነው፤ ብዙዎቹ 7 ኪሎ ግራም ገደማ ያነሳሉ፤ ይህ ለፕላስቲክ መስኮት ከበቂ በላይ ሲሆን ለመስታወት ግን ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛው ዝግመቱ ነው፤ ሰሙ እስኪሞቅ ደቂቃዎች ይፈጃሉ፤ ደመና ድንገት ሲገለጥ ቤቱ ከመሣሪያው ቀድሞ ይግላል። በዚህ ምክንያት ከጎን መጋረጃ ጋር ሲጣመር እንጂ ብቻውን አልመክረውም። ሦስተኛው ነፋስ ነው፤ የተከፈተ መስኮት ከሥሩ ነፋስ ሲገባበት ዘንጉን ሊያጣምም ስለሚችል መስኮቱ ከነፋሱ በተቃራኒ በኩል ቢሆን ይመረጣል። በበጋ በመካከለኛው የአገራችን ክፍል ነፋሱ በብዛት ከምሥራቅ ስለሚመጣ፣ ወደ ምዕራብ የሚከፈት መስኮት ዕድሜው ይረዝማል። ዕቃው በሁሉም የሕንፃ መሣሪያ መደብር አይገኝም፤ ክብደቱ ግን ቀላል ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ሊይዘው ይችላል።

ፋን

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ፋን ነው፤ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያውን ፋን ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አስገጥሜ በሩን ዘግቼ ሳስነሳው፣ የጎኑ ፕላስቲክ እንደ ተመጠጠ ጉንጭ ወደ ውስጥ ገባ፤ ፋኑ ይጮሃል፣ ቴርሞሜትሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ አየር የሚወጣው በሌላ በኩል የሚገባ ሲኖር ነው፣ እኔ ግን መግቢያ አላበጀሁለትም።

የፋን ልክ የሚታወቀው በሰዓት በሚያወጣው ሜትር ኩብ አየር ነው። በሙቀት ወራት የቤቱ አየር በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል መቀየር አለበት፤ 40 ሜትር ኩብ ለሚይዘው ቤታችን ይህ በሰዓት 2,400 ሜትር ኩብ ማለት ነው። እዚህ ላይ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላሉ አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች የማያጎሉት አንድ ነገር አለ፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው መጠን አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ቢሾፍቱ ስሌቱን በ1.25 ማባዛት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የሚፈለገው 3,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። የመታጠቢያ ቤት ትንሽ አየር ማውጫ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። በትይዩው ግድግዳ ላይ የሚከፈተው መግቢያም ከ0.6 ካሬ ሜትር ማነስ የለበትም፤ የተባይ መከላከያ መረብ ከተገጠመበት እጥፍ ይሁን።

ወጪውን በተመለከተ 200 ዋት የሚፈጅ ፋን በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ ራሱ የሚያስነሳና የሚያጠፋ ቴርሞስታት ካልተጨመረበት የፋን ዋና ጥቅም ይቀራል። ከወጪው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ነው። በፋን ተማምኖ ጎኑ ተዘግቶ የተተወ ቤት፣ በቀትር መብራት ሲሄድ በደቂቃዎች ውስጥ ምጣድ ይሆናል፤ ባለቤቱም ሥራ ቦታ ሆኖ አያውቅም። ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፋን የመክፈቻ ተጨማሪ እንጂ ምትክ ሊሆን አይገባም።

በሶላር የሚሠራው ትንሽ ፋን መብራት ሲጠፋ አይቆምም፤ ፀሐይ በበረታች ቁጥርም ይፈጥናል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ችግሩ አቅሙ ነው፤ 20 ዋት ብቻ ያለው ዓይነት ቤታችን ከሚፈልገው አየር ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ለችግኝ ማፍያ ሣጥን ወይም 2 በ2 ሜትር ለሆነ ቤት እንጂ ለዚህ አይበቃም።

መረብ፣ ጥላና ውሃ

ቱታ አብሶሉታ የተባለችው የቲማቲም ቅጠል በይ እሳት እራት በ2012 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየች ወዲህ ክፍተትን ያለ መረብ መተው ለቲማቲም አብቃይ ከባድ ሆኗል። ይሁን እንጂ መረብ በደቀቀ ቁጥር አየር ይከለክላል። ነጭ ዝንብን ለመከላከል የቀዳዳው ስፋት 0.46 ሚሊሜትር ገደማ ይበቃል፤ ትሪፕስ የተባለውን ደቃቅ ተባይ ለመከላከል ግን እስከ 0.19 መውረድ ያስፈልጋል፤ በዚያ ልክ የደቀቀ መረብ የጎን መጋረጃን ጥቅም እጅግ ይቀንሰዋል። ችግርዎ የእሳት እራትና ነጭ ዝንብ ከሆነ ከ0.46 ሚሊሜትር የደቀቀ አይግዙ፤ የገጠሙትንም አቧራ እንዳይደፍነው በየሁለት ሳምንቱ በውሃ ይጠቡት።

የጥላ መረብ ከ30 እስከ 50 በመቶ ብርሃን የሚቀንስ ሆኖ ይሸጣል። ለቲማቲምና ለቃሪያ 30ው በቂ ነው፤ ለሰላጣና ለችግኝ 50ው ይሆናል። ከፕላስቲኩ ውጪ፣ በላይ በኩል መወጠር አለበት፤ ውስጥ ከተሰቀለ ሙቀቱ ቤቱ ውስጥ ገብቶ መረቡ ላይ ይቀራል። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቀጭን የኖራ ውሃ ጣሪያው ላይ ቢረጭ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል፤ ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ራሱ ያጥበዋል።

ውሃ በሚወርድበት እርጥብ ግድግዳ በኩል ፋን አየር የሚስብበት ማቀዝቀዣ ከሁሉም ውዱ ነው። አየሩ ደረቅ በሆነበት በጋ ከውጪው አየር ይልቅ 8 ወይም 10 ዲግሪ ሊያቀዘቅዝ ይችላል፤ መክፈቻና ፋን ብቻ ይህን ከቶ አያደርጉም፣ ቢበዛ ውስጡን ከውጪው ጋር ያስተካክላሉና። አፋርንና ድሬዳዋን በመሰለ ቆላ፣ ወይም ከአገር ውጪ እንደ ቤርሳቤህ ባለ ደረቅ ቦታ ለሚኖር አንባቢ ሊታሰብ ይገባዋል። የዋሽንግተን አካባቢ ሐምሌ ግን እርጥበቱ የበዛ ስለሆነ ማቀዝቀዣው ብዙ አይረዳም፤ መብራቱ አስተማማኝ ስለሆነ እዚያ ባለ ቴርሞስታት ፋን ትክክለኛው ግዢ ነው። ለቢሾፍቱ ወይም ለሐዋሳ ጓሮ የውሃውንና የመብራቱን ወጪ አይመልስም ባይ ነኝ።

ለማን የትኛው

ቀን ቤት ውስጥ ሰው የሚውልበት ከሆነ የሁለቱን ጎን መጋረጃና በጣሪያው ጫፍ ላይ የሚዘጋ ክፍተት ያሠሩ፤ ከፋችም ፋንም አያስፈልግዎትም። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ የሚሆን ከሆነ መጋረጃውን በሙቀት ወራት ግማሽ ድረስ ከፍተው እየተዉ ለጣሪያው መስኮት የሰም ከፋች ይግዙ። ጎኑ በአጥር ወይም በጎረቤት ግድግዳ ተዘግቶ መጋረጃ ማንሳት ለማይቻልበት ጠባብ ጓሮ ብቻ ፋንን ቀዳሚ ምርጫ አደርጋለሁ፤ ያኔም የጣሪያው መስኮት ሳይቀር፣ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ የሚወጣበት እንዲኖረው። ለፋን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያወጣ ሰሌዳው ላይ ያንብቡ፤ ቁጥሩ ካልተጻፈና ሻጩም ካላወቀው አይግዙት።

ከማናቸውም ግዢ በፊት ግን አንድ ቴርሞሜትር ገዝተው፣ ፀሐይ እንዳያገኘው በነጭ ካርቶን ከልለው፣ አበባው በሚገኝበት ከፍታ ላይ ይስቀሉት፤ ለአንድ ሳምንት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ያንብቡ። አሁን ያለዎት በርና መስኮት ሁሉ ተከፍቶ ቁጥሩ ከ32 በታች ከዋለ ገንዘብዎን ለዘርና ለኮምፖስት ያውሉት።