ወርክሾፑ ካለቀ በኋላ ላስተማሩኝ መምህር

ይህን ምስጋና ሳልጽፍ ሁለት ወር የቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ከሥዕል ወርክሾፕ በወጡ ማግስት የሚጻፍ ምስጋና ብዙ እንደማያስተማምን ከራሴ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ተሳትፌያለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ "ዛሬ ገና ሥዕል ገባኝ" እያልኩ ነው የወጣሁት። ከሳምንት በኋላ ማስታወሻዬን ስገልጥ ግን "ሰማዩ ላይ፣ ውሃው ሳይደርቅ!!" የሚል የገዛ እጅ ጽሑፌ ያፈጥብኛል። ሳይደርቅ ምን ይደረግ? ሁለት ቃለ አጋኖ ለማድረግ ጊዜ ያገኘሁት ሴትዮ ዋናውን ነገር ሳልጽፍ አልፌዋለሁ።

አሁን የማመሰግናቸው መምህር የሁለት ቀን የውሃ ቀለም ሥልጠና ነው የሰጡን። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኛ በምንጠራቸው "ጋሼ" ልለፈው። ገና ቁጭ ከማለታችን "ከዚህ ሥዕል ይዛችሁ አትሄዱም" አሉን። ፊቴ ሳይጠቁር አልቀረም፤ ግድግዳዬ ላይ ቦታ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት።

ሁለቱንም ቀን በሁለት ቀለም ብቻ ሠራን፤ በአልትራማሪን ሰማያዊና በርንት ሲየና በሚባለው ቡናማ። መጀመሪያ ስስት መስሎኝ ነበር። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ግን ሰማያዊው ሲያመዝን ቀዝቃዛ ግራጫ፣ ቡናማው ሲያመዝን ሞቅ ያለ ግራጫ፣ ውሃው ቀንሶ ቀለሙ ሲወፍር ደግሞ ወደ ጥቁር የተጠጋ ጨለማ ይሰጣሉ። እያንዳንዱን ቅልቅል ቀብተን እዚያው ከጎኑ እንድንጽፍ ያዙናል፦ የትኛው ቀለም በዛ፣ ውሃው ምን ያህል ነበር፣ ወረቀቱ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ። የቀለሙን ስም ብቻ ሳይሆን ቱቦው ላይ ያለውን ኮድም ጭምር፤ ስሙ ከአምራች አምራች ሊለያይ ይችላል፣ ፒቢ29 (PB29) የሚለው ኮድ ግን የትም ያው አልትራማሪን ነው። በነጋታው ደግሞ የትናንቱን ገልጠን አየን። ሁሉም ገርጥቷል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ እንደሚገረጣ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ምን ያህል እንደሚገረጣ ያወቅሁት ግን ያን ቀን ነው።

አንድ ሰማይ አበላሸሁ። ጥጉ የሳሳ መስሎኝ ውሃ የጠገበ ብሩሽ ጣል ሳደርግበት ጠርዙ የተሸራረፈ፣ አበባ ጎመን የመሰለ እድፍ ተዘረጋ። በጨርቅ ልጠርገው ስል ጋሼ ከኋላዬ ደረሱ።

"ተይው። ምን እንዳደረግሽ ከጎኑ ጻፊ።"

"አበላሸሁት እኮ ጋሼ።"

"ለዚያ ነዋ የምትጽፊው።"

ከዚያ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው አሳዩኝ። የሚያብረቀርቀው ክፍል ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም ቢጨመርበት ለስልሶ ይዋሃዳል። ማብረቅረቁ ጠፍቶ ገና ያልደረቀው ግን አደገኛው ነው፤ ከብሩሹ የሚፈሰው ትርፍ ውሃ በግማሽ የደረቀውን ቀለም እየገፋ ዳር ላይ ይከምረዋል። በዚያች ሰዓት ብሩሹ ከወረቀቱ ይበልጥ ውሃ መያዝ የለበትም፤ ካልሆነ እጅን ሰብስቦ እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ለካ ያ "ውሃው ሳይደርቅ!!" ያልኩት ይህንን ኖሯል።

ሥልጠናው አልቆ ዕቃችንን ስንሰበስብ ነው ዋናውን ያስተማሩን። ዛሬ ማታ፣ ሳትተኙ፣ ማስታወሻችሁን ሳትገልጡ አንዱን መልመጃ ድገሙት፤ ማስታወሻው የሚታየው ከጨረሳችሁ በኋላ ነው አሉን። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና፤ ከሳምንት በኋላ ደግሞ የእኔን ናሙና ትታችሁ ከራሳችሁ መስኮት የሚታየውን ሰማይ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ይፋ ያደረገውን ጥናትም ነገሩን፤ በራሱ ላይ ሞክሮ፣ ሰው ከተማረው አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን ያሳየው እሱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ ያን ማታ እግሬ ዝሎ ስለነበር እየተነጫነጭኩ ነው የሠራሁት። ግማሹን ረስቼው ነበር። የረሳሁት የትኛው እንደሆነ ግን በዚያው ማታ አወቅሁ፤ ድሮ ቢሆን ይህን የማውቀው ከወር በኋላ ነው።

ቀለም ለመግዛት የተዘጋጀነውንም አስቆሙን። ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ወረቀት ላይ አውሉት፣ ከጥጥ የተሠራ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን። ስስ ወረቀት ውሃ ሲነካው ይጣመማል፣ ቀለሙም ጎድጎድ ያለው ላይ ይጠራቀማል፤ ያኔ ጥፋቱ የእጃችሁ ይሁን የወረቀቱ መለየት አትችሉም። እኔ ለዓመታት የራሴን እጅ ስወቅስ ኖሬያለሁ።

በወሩ ያበላሸናቸውን ወረቀቶች ብቻ ይዘን እንድንመጣ ጠሩን። ያማረውን ያመጣ ሰው እንዲመልሰው ተነገረው! ከሁለቱ የሥልጠና ቀናት ይልቅ በዚያ ከሰዓት በኋላ የተማርኩት ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

እንከን ካልጻፍኩ ጥቆማዬ ሙሉ አይሆንም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ከኋላ የተቀመጠ አይሰማም፣ ቀድማችሁ ገብታችሁ ፊት ያዙ። ሰዓት አያከብሩም፤ ለዚያውም ዘግይተው በመጀመር ሳይሆን አልጨርስ በማለት። ዘና ብሎ ለመዋልና የሚሰቀል ሥዕል ይዞ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ቢሄድ ይሻለዋል። ብሩሽ ይዞ ለማያውቅ ጀማሪ ግን ምንም ስጋት የለውም፤ ከመካከላችን ሁለቱ እንዲያ ነበሩ።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሥራ አንደኛውን ሰማይ ዛሬ ጠዋት ሠራሁ። ጥጉ ላይ አሁንም ቸኩያለሁ፤ ከጎኑ ጽፌዋለሁ።