ብርቱካንማው የጆሮ መድፈኛ፦ ከክረምት እስከ ፋሲካ ስተኛበት

ባለቤቴ ያንኮራፋል። እኔ ደግሞ ኮሽ ባለ ቁጥር የምባንን ሰው ነኝ። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሌላ ቦታ ልተኛ ብል ያለው ሶፋ ብቻ ነው። ሶፋ ላይ አንሶላ ተነጥፎ ያየ ዘመድ ደግሞ ሽማግሌ መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ጆሮዬን ደፍኜ ነው የምተኛው።

የምጠቀመው ስሪኤም 1100 የሚባለውን ብርቱካንማ ስፖንጅ ነው። የተሠራው ለፋብሪካና ለግንባታ ሠራተኞች ስለሆነ፣ ሄልሜትና ሴፍቲ ጫማ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ፈልጉት። የመከላከል አቅሙ በአሜሪካ መለኪያ 29፣ በአውሮፓ መለኪያ 37 ዴሲቤል ነው። አለካኩ ስለሚለያይ ነው እንጂ ዕቃው ያው ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር ግን አደፋፈኑን ለማያውቅ ሰው ዋጋ የለውም። በመጀመሪያ እጅን መታጠብ። ከዚያ ስፖንጁን በጣቶች መሃል እያሹ ሳይጨማደድ ማቅጠን። የቀኝ ጆሮ ከሆነ ግራ እጅን በጭንቅላት ላይ አሳልፎ ጆሮን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ፤ ያኔ ቀዳዳው ቀጥ ይላል። ከከተቱት በኋላ እስኪያብጥ ድረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ደግፎ መያዝ። መስታወት ፊት ቆማችሁ አብዛኛው ወደ ውጭ ወጥቶ ከታየ አልገባም ማለት ነው፤ አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ።

ፍጹም ጸጥታ አትጠብቁ። ማንኮራፋት ወፍራም ድምፅ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ ይበልጥ የሚያቆመው ቀጭኑን ነው። የጎረቤት ቴሌቪዥን ጭራሽ ጠፍቶልኛል። የባለቤቴ ድምፅ ግን ከግድግዳ ወዲያ እንዳለ ሆኖ ይሰማኛል። ለእኔ ይበቃኛል፤ ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ ድንገት ከፍ የሚለው ነበር፣ እሱ ቀርቷል። ጉንፋን ሲይዘውና ሲብስበት ስልኬ ላይ የዝናብ ድምፅ ዝቅ አድርጌ እከፍታለሁ።

የማልወድለትም አለ። በጎን ሲተኙ ትራስ እየገፋው ጆሮ ያማል፤ ለመልመድ ሳምንታት ወስዶብኛል። ኩክንም ወደ ውስጥ ይገፋል። ከቆሸሸ ወይም ተጨምቆ መልሶ ማበጥ ካቃተው መጣል ነው፤ ማጠብ አያዋጣም። የስልክ አላርም ስለማያስነሳኝ እጄ ላይ የሚንቀጠቀጥ ሰዓት አስሬ እተኛለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ሳትደፍኑ በፊት አዳምጡ። ትንፋሹ ለአፍታ ቆም ብሎ፣ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አየር እየሳበ የሚመለስ ከሆነ፣ ቀን ቀን ደግሞ በተቀመጠበት የሚያንቀላፋ ከሆነ፣ ያ በእንቅልፍ ውስጥ የትንፋሽ መቋረጥ ሊሆን ይችላል። የልብና የደም ግፊት ጣጣ ያለው ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። የእናንተ ጆሮ ሲደፈን የሚሰማለት ሰው አይኖርም። እኔም ባለቤቴን "ሳትመረመር አልደፍንም" ብዬው አንገት በላይ ሐኪም ጋ ሄደናል። የእሱ ከአፍንጫ መታፈን ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በጀርባው መተኛትና ማታ መጠጣት እንዲተውም ተነገረው። አሁን ማንኮራፋቱ ቀንሷል እንጂ አልቀረም፤ እኔም አዲስ ፓኮ ገዝቻለሁ።