«ሁሉም ተካቷል» ያለኝ የጣሊያን ጥቅል፦ እናታችሁን ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡት

ባለፈው መስከረም መጨረሻ እናቴን ይዤ ጣሊያን ሄጄ ነበር። እኔ ከሜሪላንድ፣ እሷ ከአዲስ አበባ ተነስተን ሮም ላይ ተገናኘን። ለዘጠኝ ሌሊት፣ ለሁለት ሰው፣ የአውሮፕላን ትኬት ሳይጨምር 5,600 ዶላር ከፍያለሁ። የከፈልኩት ቴሌግራም ላይ «ለሐበሻ ቤተሰቦች ጉዞ አዘጋጃለሁ» ለሚል ሰው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ገንዘቡን ለማስመለስ ገና እየተከራከርኩ ነው፣ ደግሞም እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም። አሠራሩን ካወቃችሁ በየትኛውም ስም ቢመጣ ትለዩታላችሁ።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። እኔ ከቤት የወጣሁት በ19 ዓመቴ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ለሠርግና ለለቅሶ ከመገናኘት በቀር ሁለታችን ብቻችንን የትም ሄደን አናውቅም። ስለዚህ ፈራሁ። ሰልፍ ላይ ባቆማትስ? መንገድ ብንስትስ? ብትታመምብኝስ? ሰውየው ይህን ፍርሃት ከሁለት መልእክት በኋላ አገኘው። «እህቴ፣ እማማን ሰልፍ ላይ አናቆማቸውም፤ አንቺ ሻንጣሽን ብቻ አዘጋጂ» አለኝ። ከዚያ ዝርዝሩን ላከ፦ ሮም መሀል ሆቴል፣ ኮሎሲየም ያለ ሰልፍ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ ያለ ሰልፍ፣ ፖፑ ረቡዕ ሕዝቡን የሚቀበሉበት መርሐ ግብር፣ ጎንዶላ (የቬኒስ ጀልባ)፣ የቬኒስ መግቢያ፣ የተረጋገጠ ቪዛ። በመጨረሻም «በቫቲካን ውስጥ ያለችው የእኛ ቤተክርስቲያን ጉብኝት»። ለእማዬ በስልክ ሳነብላት እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ዝም አለች፣ ከዚያ «እውነት ያስገቡናል?» አለችኝ። ቀብዱን የከፈልኩት በዚያው ቀን ነው።

ከሁሉም በላይ ያቃጠለኝ የሆቴሉ ጨዋታ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ለእማዬ ቪዛ የማረፊያ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። ሰውየው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የሚገኝ የባለ አራት ኮከብ ሆቴል ማረጋገጫ ላከ፤ የሁለታችንም ስም፣ ቀኖቹም ልክ ናቸው። ፎቶውን አይቼ ወደድኩት፣ ለእማዬም ላክሁላት። ያላየሁት ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ነበር፤ ጉዞው ሦስት ቀን እስኪቀረው ድረስ ያለ ክፍያ መሰረዝ ይቻላል ይላል። ቪዛው ወጣ፣ ቀሪውን ገንዘብ ላክሁ፣ እሱም በሳምንቱ ሆቴሉን ሰረዘው። ይህን ያወቅሁት ሮም ገብተን፣ ሻንጣ እየጎተትን እንግዳ መቀበያው ጋ ከቆምን በኋላ ነው። ልጅቷ የተሰረዘበትን ቀን ከኮምፒውተሯ አነበበችልኝ።

ደወልኩለት። «ትናንት ማታ አዲሱን ቫውቸር ልኬልሽ የለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ልኳል። እኔ አውሮፕላን ውስጥ እያለሁ።

አዲሱ ሆቴል ሮምን ከሚከበው ትልቁ የቀለበት መንገድ ውጭ ነው። «ከሲኤምሲ ፒያሳ ማለት እኮ ነው» አለኝ። እማዬ ስልኩን ሰምታ ኖሮ «ፒያሳማ እኛ ጋ አለ፣ እዚህ ድረስ ምን አመጣን» አለች። ሳቅሁ፣ ግን ሂሳቡ አያስቅም። ከፊውሚቺኖ አየር ማረፊያ እስከ ሮም አሮጌ ቅጥር ውስጥ ታክሲ በተቆረጠ ዋጋ 55 ዩሮ ነው። ከቅጥሩ ውጭ ስትሆኑ ግን በአብዛኛው በቆጣሪ ነው፤ እኛም በየቀኑ ሄደን ስንመለስ ቆጣሪውን እያየን ነበር። በአውቶቡስና በሜትሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ የእማዬ ጉልበት ደግሞ የሜትሮ ደረጃ አይወድም።

የገንዘቡ ነገር ይቅር። እናቴ የአውሮፓን ድንበር ብቻዋን ስታቋርጥ በእጇ የያዘችው ወረቀት የተሰረዘ ሆቴል ወረቀት ነበር። የድንበር ፖሊስ ማረፊያሽ የት ነው ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ ደውሎ ቢያጣራ ውሸታም የምትባለው እሷ እንጂ ቴሌግራም ላይ የተቀመጠው ሰውዬ አይደለም። አንዳንድ ሰው «ለቪዛ ደሚ ቡኪንግ (ለማስመሰል ብቻ የተያዘ ሆቴል) ምን ችግር አለው» ሲል እሰማለሁ። ችግሩ ይኸው ነው።

ቪዛን ካነሳሁ አይቀር፣ «የተረጋገጠ ቪዛ» ብሎ 600 ዶላር ወስዶብኛል። የሼንገን (የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ ማመልከቻ ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ውሳኔው የቆንስላው ነው፣ አስቀድሞ የሚያረጋግጥላችሁ ሰው የለም። ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፤ እሱን ራሳችሁ በትንሽ ገንዘብ ትገዛላችሁ። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ግን አንድ የተለየ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ባወጣው ውሳኔ የማመልከቻው መታያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠትም ቆሟል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሆነ በጊዜ ጀምሩ፤ «በሁለት ሳምንት አስጨርሳለሁ» የሚላችሁን አትመኑ። ደግሞ ከጣሊያን ለአንድ ቀን ሎንደን ብቅ ብላችሁ ልትመለሱ ካሰባችሁ፣ እናታችሁ አንዴ ከሼንገን ከወጣች በዚያ ቪዛ ተመልሳ አትገባም።

ረቡዕ ጠዋት ቫቲካን ሄድን። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መግባት በነጻ ነው። የሚያሰልፋችሁ የደኅንነት ፍተሻው ብቻ ሲሆን፣ የሚከፈለው ጉልላቱ ላይ ለመውጣት ነው። የረቡዕ የፖፑ መርሐ ግብር ትኬትም በነጻ የሚሰጥ ነው። እሑድ እኩለ ቀን ላይ ከመስኮት ሆነው ሲባርኩ ለማየት ደግሞ ጭራሽ ትኬት የለውም፤ አደባባዩ ላይ መቆም ነው። ሰውየው ለባዚሊካው 45፣ ለረቡዑ መርሐ ግብር 60 ዶላር በነፍስ ወከፍ አስከፍሎኛል። በእውነት የሚከፈልበት የቫቲካን ሙዚየም ነው፤ 20 ዩሮ፣ በኢንተርኔት ቀድማችሁ ስትይዙ 5 ዩሮ ይጨመርበታል። እሱ ግን ጥቅሉ ውስጥ አልነበረም!

ከዚያ ወደ ቤተክርስቲያኗ። ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ፣ ጣሊያኖቹ ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚሏት፣ ከባዚሊካው ጀርባ አለች። በ15ኛው መቶ ዘመን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት የተሰጠች ናት። አባ ተስፋ ጽዮን የሚባሉት ኢትዮጵያዊ መነኩሴ እዚያ ሆነው በፈረንጆቹ 1548 እና 1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳትመዋል። እማዬ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ከመምህራን ስትሰማ ያደገች ናት፤ ለዚያን ቀን ብላ ነጠላዋን በላስቲክ ጠቅልላ ከአዲስ አበባ አምጥታ ነበር። ነገር ግን ቤተክርስቲያኗ ያለችው በቫቲካን ግዛት ውስጥ፣ ከበሩ ወዲያ ነው። እንደ ሌሎቹ የሮም አብያተ ክርስቲያናት ከመንገድ ዘው ተብሎ አይገባባትም፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ቫውቸራችንን በሩን ለሚጠብቀው የቫቲካን ስዊስ ዘብ አሳየሁት። በትሕትና አነበበው፣ ሁለት ጊዜ ገለበጠው፣ «ይህ ከእኛ የወጣ አይደለም» አለን። ለዚህች ወረቀት በነፍስ ወከፍ 70 ዶላር ከፍለናል።

እማዬ አልተናደደችም፤ ነጠላዋን ብቻ መልሳ አጠፈችው። እኔ ነኝ መንገድ ላይ ያለቀስኩት።

በማግስቱ ከዝርዝሩ ውጭ፣ በራሴ፣ ቺርኮ ማሲሞ ሜትሮ ጣቢያ ወሰድኳት። ከጣቢያው ሲወጡ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ነው፤ በፋሺስት ዘመን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር እንዲሆን የተጀመረ ሕንፃ። የአክሱም ሐውልት በፈረንጆቹ ከ1937 ጀምሮ በ2003 እስኪነቀል ድረስ የቆመው እዚያ ነበር፤ በ2005 ወደ አክሱም ተመልሷል። እማዬ ባዶውን ቦታ ቆማ ስታይ ቆየች፣ «እንኳን ባዶ ሆነ» አለች። ከጉዞው ሁሉ እስካሁን የምታወራው ይህን ነው። የሜትሮ ትኬት ብቻ ነው ያስወጣን።

ኮሎሲየም አልገባንም። ትኬቱ ላይ ስም ይጻፋል፣ በር ላይ ከፓስፖርት ጋር ይታያል፤ ሰውየው የላከልን ትኬት ላይ ያለው ስም የእኛ አልነበረም። ዋጋው በዋናው የኮሎሲየም ገጽ 18 ዩሮ ነው፣ ከጉብኝቱ 30 ቀን በፊት ይለቀቃል፣ ቶሎም ያልቃል። እኛ በነፍስ ወከፍ 95 ዶላር ከፍለናል። በቶሎ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ይታወቃል፤ የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣን በ2025 ትኬቱን ይሸጥ የነበረውን ድርጅትና በጅምላ እየሰበሰቡ ከጉብኝት ጋር አስተሳስረው የሚሸጡ ኩባንያዎችን በድምሩ ወደ 20 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። በር ላይ የሚዞሩት ሻጮች ሲከቡን እማዬ «ከውጭ አይበቃም? ፍርስራሽ ነው እኮ» ብላ ገላገለችኝ።

ፍሎረንስ ላይ ሆቴሉ ደህና ነበር፣ ይህን አልደብቅም። የሙዚየም ቀን ተብሎ የተያዘልን ግን ሰኞ ነው። ኡፊዚም፣ የሚካኤል አንጄሎ ዳዊት ያለበት አካዴሚያም ሰኞ ዝግ ናቸው። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ሰውየው ያቺን ደቂቃ አልሰጠንም።

ቬኒስ ደግሞ ሜስትሬ ሆነች፤ ከደሴቶቹ ማዶ፣ በባቡር አሥር ደቂቃ ያህል። ሜስትሬ ማደር በራሱ ነውር የለውም፣ ርካሽ ነው፤ ግን የቬኒስ ዋጋ ከፍሎ ሜስትሬ ማደር ሌላ ነገር ነው። «የቬኒስ መግቢያ» ብሎ 30 ዶላር በነፍስ ወከፍ ወስዷል። ይህ ክፍያ የሚመለከተው ለቀን ጉብኝት የሚመጣውን ነው፤ በከተማው አስተዳደር ውስጥ፣ ሜስትሬን ጨምሮ፣ የሚያድር አይከፍልም። በ2025 ደግሞ ክፍያው ከኤፕሪል እስከ ጁላይ በተመረጡ ቀኖች ብቻ ነበር፤ እኛ የሄድነው በጥቅምት፣ በፈረንጆቹ። ጎንዶላውን በሰው 80 ዶላር ሸጠልን። የከተማው ተመን ቀን ላይ ለግማሽ ሰዓት 90 ዩሮ ነው፣ እሱም ለጀልባው በሙሉ እንጂ በሰው አይደለም። እማዬ ጀልባውን አይታ «እኔ አልገባም» ስላለች ያም ቀረ።

ስለ ምግብ አትጨነቁ። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾም እናት ማሪናራ የሚባለው ፒዛ አይብ የለውም፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ነው። ማኪያቶ ስታዝዙ ግን የእኛን እንዳትጠብቁ፤ እማዬ ሲኒው ውስጥ አይታ «ይሄ ለቅምሻ ነው?» ብላለች። ቆማችሁ ከጠጣችሁ ርካሽ ነው፣ ከተቀመጣችሁ ብዙ ቦታ ይጨምራል፣ ስለዚህ ጉልበት ለሚያማት እናት የወንበሩን ዋጋ አስቡበት።

አሁን ገንዘቡ። ስመለስ ሂሳቡን በየመስመሩ እንዲከፋፍልልኝ ለመንኩት፤ ከላይ የጻፍኳቸው ቁጥሮች የመጡት ከራሱ ነው። ባዚሊካው፣ የረቡዑ መርሐ ግብር፣ የቬኒስ መግቢያና ቤተክርስቲያኗ፣ ማለትም ወይ ነጻ የሆነ ወይ በገንዘብ የማይገዛ ነገር፣ ለሁለታችን 410 ዶላር መጥቷል። ባንኬን ጠየቅሁ። የከፈልኩት ዜል በሚባለው የአሜሪካ ባንኮች ገንዘብ መላኪያ ነው፤ «ራስሽ ፈቅደሽ የላክሽው ነው» ብለው መለሱኝ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ያልቀረበ አገልግሎት ብዬ መከራከር እችል ነበር። በካርድ ክፈይኝ ስትሉት «ኮሚሽን ይቆርጥብኛል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ኮሚሽኑን እኔ እከፍላለሁ በሉት፤ ያኔም እምቢ ካለ ተዉት። አሜሪካ ያላችሁ፣ እንደ ካሊፎርኒያ፣ ፍሎሪዳና ዋሽንግተን ስቴት (ዲሲ አይደለም) ያሉ ግዛቶች የጉዞ ሻጮችን ይመዘግባሉ፤ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቁ።

አሁን ቀብድ ከፍላችሁ ለምትጠብቁ አንድ ነገር አድርጉ፤ ዛሬውኑ ሆቴሉ ጋ በራሳችሁ ስልክ ደውሉ። ቁጥሩን ከቫውቸሩ ላይ ሳይሆን ከሆቴሉ ከራሱ ገጽ ውሰዱ። በስማችን የተያዘ አለ ወይ፣ ተከፍሏል ወይ፣ እስከ መቼ ይሰረዛል፣ የያዘው ኢሜይል የማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ኢሜይሉ የእናንተ ካልሆነ እሱ ሲሰርዘው ለእናንተ አይደርሳችሁም። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው እንደገና ደውሉ። በከተማ ግብሩም አትደንግጡ፤ ሮም ላይ በሰው በሌሊት እንደ ሆቴሉ ኮከብ ተጨማሪ ይከፈላል፣ እሱ ማጭበርበር አይደለም።

ሰውየው ይህን ጽሑፍ እንዳላወጣ 300 ዶላር ሊመልስልኝ ጠይቆ ነበር። እማዬን አማከርኳት። «የሌላ ሰው እናት ነጠላ ይዛ ትሂድ?» አለችኝ። አሁን ለፈረንጅ ፋሲካ አዲስ ማስታወቂያ አውጥቷል፣ ዋጋው 6,200 ሆኗል። «በቫቲካን ውስጥ ያለችው የእኛ ቤተክርስቲያን ጉብኝት» የሚለው መስመር አሁን ከላይ፣ መጀመሪያው ላይ ነው።